የተሰፉት ዐሥራ ሁለት ገጾች

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለችው የንባብ ክፍል ቀድሞ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ነበረች። ዛሬም ዝናብ ሲመጣ በአንዱ ጥጓ ጠብ ጠብ ማለቱ አልቀረም፤ መስኮቷም የሚያየው የጎማ ጥገናውን ግድግዳ ብቻ ነው። ሆኖም በሦስት ግድግዳዎቿ ላይ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት የልጆች መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ ከእነዚህም መካከል ክፍሏን የምትጠብቀው፣ ሰፈሩ «አንደኛ» የሚላት ወጣት ሁለት ጊዜ ሳታነበው መደርደሪያ ላይ የወጣ አንድም የለም። አንዴ በልቧ ታነበዋለች፤ አንዴ ደግሞ በሯን ዘግታ፣ ፊት ለፊቷ ልጅ የተቀመጠ ይመስል፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«አንደኛ» የተባለችው ፊደል ከቆጠረችበት ቀን ጀምሮ ደረጃዋን ለማንም አሳልፋ ስላልሰጠች ነው። ይኸው ዩኒቨርሲቲ ገብታ እንኳ ቅጽል ስሙ አልለቀቃትም። ያሳደገቻት አክስቷ በእውነተኛ ስሟ የምትጠራት ስትቆጣ ብቻ ስለሆነ፣ ስሟን በሰማች ቁጥር ምን አጠፋሁ ብላ ትደነግጣለች።

መጽሐፍ ስትመርጥ ርኅራኄ አታውቅም። ታዛዡ ልጅ በታዘዘ ቁጥር ብስክሌት የሚዘንብለትን ባለ ቀለም መጽሐፍ «ይህ እግዚአብሔርን ባለ ሱቅ ያደርገዋል» ብላ መልሳዋለች። በአንድ እግሩ የሚያነክስ ልጅ እስከ መጨረሻው ድረስ መሣቂያ የሚሆንበትንም ታሪክ እንዲሁ መልሳው ነበር፤ እሱን ግን መጻሕፍቱን የሚያጸድቀው ኮሚቴ «ይነበብ» የሚለውን አረንጓዴ ማኅተም መትቶ አምጥቶ መደርደሪያው ላይ አኖረው። ምክንያቱም በመጨረሻው ገጽ ላይ ሁሉም ተንበርክከው ይጸልያሉ።

የኮሚቴው አሠራር እንዲህ ነበር። ሦስት አባላት አሉት፦ ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ናቸው፤ ሁለተኛው የሰፈሩ ፋርማሲስት ነው፤ ሦስተኛዋ ልብስ ሰፊዋ፣ የአንደኛ አክስት ናት። ጊዜያቸው አጭር፣ መጽሐፉ ብዙ በመሆኑ ሰብሳቢው አንድ ዘዴ ዘየዱ፤ የእያንዳንዱ መጽሐፍ የመጨረሻ ሦስት ገጾች ብቻ ይነበባሉ፤ መጨረሻው በንስሓና በምስጋና ከተዘጋ መጽሐፉ አለፈ። ወላጅ ከመካከሉ ለልጅ አይሆንም ብሎ አቤት ያለበት ገጽ ቢኖርስ? አይቀደድም፤ መጻሕፍቱ ስጦታ ናቸውና ስጦታ መቅደድ ነውር ነው። ስለዚህ ገጾቹ ተደራርበው በዳር በዳራቸው በነጭ ክር ይሰፋሉ። መርፌው የአክስቷ ነው።

ኮሚቴው ያላወቀው አንድ ነገር ቢኖር፣ ልጆቹ ክፍሏ ውስጥ እግራቸውን እንዳስገቡ የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «የተሰፋ አለ?» የሚል መሆኑ ነው። የተሰፋውን ገጽ በጣታቸው ገርበብ አድርገው፣ አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ያጮልቃሉ።

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን የመካኒኩ ልጅ አላጮለቀችም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ እናቷ ካረፈች አምስት ወር ሆኗታል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በመዝሙር ሰዓት ከልጆቹ ጋር ትቆማለች እንጂ አፏን አትከፍትም። ባለፈው ቅዳሜ አርባኛው ገጽ ላይ ያቆመችውን መጽሐፍ ይዛ አንደኛ ዘንድ መጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«እትዬ፣ ይቺ የዓሣ አጥማጁ ልጅ ውሸታም ናት።»

«ምን አደረገች?»

«እናቷ እንድትድን ጸለየች አይደል? እናቷ ሞተች። ገጹን ስገልጠው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ገብታ ትዘምራለች።» በጣቷ የተሰፋውን ዳር ዳሰሰችው። «ወዲያው ትዘምራለች እንዴ? እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው የተቆጣሁት?»

አንደኛ የተሰፉትን ዐሥራ ሁለት ገጾች በቃሏ ታውቃቸዋለች። በእነዚያ ገጾች ላይ የዓሣ አጥማጁ ልጅ የመዝሙር መጽሐፏን አልጋ ሥር ትወረውራለች፤ አባቷ ማዕድ ሲባርክ አሜን አትልም፤ ከባሕሩ ዳር ቆማ «ዛሬ አልጸልይም፣ ነገም አልጸልይም፣ የምትሰማኝ ከሆነ ይህንንም ስማ» እያለች ትጮኻለች። ያ ጩኸት ራሱ ጸሎት እንደነበረ የሚገባት ቆይቶ ነው፤ ዝማሬውም የሚመጣው ከዚያ በኋላ። መጽሐፉ በኮሚቴው ፊት ያለ ችግር ያለፈው መጨረሻው ስላማረ ነበር። ኋላ ግን አንድ ልጅ ራት ላይ «ዛሬ አልጸልይም» ብሎ እናቱን አስደነገጠ፤ እናትየዋ ለሰብሳቢው አቤት አለች፤ ሰብሳቢውም ለመጀመሪያ ጊዜ የመጽሐፉን መካከል ገለጡ፤ ገጾቹም ተሰፉ።

«አንቺ ብቻ አይደለሽም» አለች አንደኛ። «ውጪ ደረጃው ላይ ጠብቂኝ። እንዳትሄጂ።»

ኮሚቴው የሚሰበሰበው በዚያው ክፍል፣ ልጆቹ እንደወጡ ነበር። አንደኛ ሁሉም ከሄዱ በኋላ ክሩን ፈትታ ገጾቹን ለልጅቷ ማሳየት ትችላለች፤ ማንም አያይም፣ ማንም አይሰማም። ሐሳቡ ለአፍታ ሽው ብሎባት አለፈ፤ ወዲያውም አፈረችበት። እውነትን ተደብቃ የምትሰጥ ከሆነ ለልጅቷ የምታስተምራት መደበቅን ነው።

ሦስቱ ገብተው እንደተቀመጡ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ጋሼ፣ ይህ መጽሐፍ ይፈታ።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ በዚህ ጉዳይ ተነጋግረን ጨርሰናል።»

«እርስዎ ጨርሰዋል፤ እኔ ገና አልጀመርኩም።»

«አንደኛ!» አለች አክስቷ፣ ሣቅም ቁጣም ባልሆነ ድምፅ።

ፋርማሲስቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ በሙያዬ ልናገር። ለአዋቂ የሚሰጠውን መጠን ለልጅ ብትሰጪ መድኃኒቱ መርዝ ይሆናል። ኀዘንም እንዲሁ ነው እህቴ፣ በመጠን ነው።»

«ልክ ነው። ግን ሕመሙን ልጅቷ ይዛው ነው የመጣችው፤ ከመደርደሪያችን አልወሰደችውም። እርስዎ ለታመመ ሰው ብልቃጡን ሰፍተው ይሰጣሉ?»

አክስቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን በሣቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ይህ ቀልድ አይደለም» አሉ ሰብሳቢው፣ ፊታቸውን አጥቁረው። «እኛ የተሾምነው ለልጆች ንጹሕ ነገር ልንመርጥ ነው። እግዚአብሔር ላይ የምትጮኽ ልጅ ንጹሕ ናት?»

«ናት፣ ጋሼ። የሚሰማት እንዳለ ባታምን ለማን ትጮኻለች? የሚያነክሰውን ልጅ ስድሳ ገጽ ሙሉ ሲሥቁበት ከርመው መጨረሻ ላይ ሲንበረከኩ ማኅተም መታንላቸው። ልጆቹ ከዚያ መጽሐፍ የወሰዱት ጸሎቱን አይደለም፤ አነካከሱን ነው። በዚህ ግቢ ውስጥ እያነከሱ ሲጫወቱ አይቻለሁ። እኔም ንጹሕ መጽሐፍ እፈልጋለሁ፤ ከማንኛችሁም በላይ እፈልጋለሁ። ነገር ግን ንጹሕ ማለት ያልዋሸ ማለት ነው። ከሞት ወደ ዝማሬ በአንድ ገጽ የሚዘል መጽሐፍ ይዋሻል፤ እንዲዋሽ ያደረግነው ደግሞ እኛ ነን።»

ከጎማ ጥገናው የአየር መሙያው ድምፅ ፊስ ፊስ ይላል። ሰብሳቢው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ መደርደሪያዎቹን በገዛ እጃቸው የመቱ እሳቸው ናቸው። ነገር ግን አርባ ዓመት ሙሉ ያሉት ሲሆን የኖሩ ሰው ናቸው።

«እንግዲያው ስሚኝ» አሉ በዝግታ። «ወይ መጽሐፉ እንደተሰፋ ይኖራል፣ ወይ የክፍሉ ቁልፍ አሁኑኑ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይኖራል።»

አንደኛ ከመሳቢያዋ እርሳስ የምትቀርጽበትን ምላጭ አወጣችና መጽሐፉን አርባኛው ገጽ ላይ ገለጠች።

«ምላጩን አስቀምጪ!» አክስቷ ነበረች፤ በእውነተኛ ስሟ ጠራቻት። አንደኛ እንደ ልማዷ ደነገጠች። ልብስ ሰፊዋ ግን ተነሥታ በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለችና በገጹ ጥግ ላይ ያለችውን የክር ጫፍ በጥፍሯ ብቅ አደረገቻት። «ወረቀቱን ትቀድጂዋለሽ። ይቺን ሳቢያት።»

አንደኛ ሳበች። ክሩ ከላይ እስከ ታች፣ አንዴም ሳያንገራግር፣ ሰተት ብሎ መጣ። ዐሥራ ሁለቱ ገጾች ተነፈሱ።

ሰብሳቢው ክሩን አተኩረው አዩ። «ይህ ምን ዓይነት ስፌት ነው?»

«የልክ መሞከሪያ ነው፣ ጋሼ» አለች አክስቷ፣ ወደ ወንበሯ እየተመለሰች። «ደንበኛ ለብሶ አይቶ ‹እዚህ ጋ ጠበበኝ› ካለ የሚፈታ ነው። ለዋናው ስፌት ማን ቸኮለ? ይኸው ልጅቷ ጠበበኝ አለች።»

«አንቺም!» አሉ ሰብሳቢው።

«እኔም። ያሳደግኳት እኔ አይደለሁ? የእናቷን ቀብር ውዬ ከተመለስኩበት ቀን ጀምሮ፣ ይቺ የዛሬዋ አንደኛ ሁለት ዓመት ሙሉ አሜን አላለችልኝም። ሰፍቼ አልዘጋሁትም፤ ጠበቅኩ።»

ይህንን አንደኛ ከአክስቷ አፍ ሰምታው አታውቅም። ሆኖም የምታውቀውን ሥራ ሠራች። የውሰት ካርዱን አወጣች፤ የመጽሐፉን ርእስ ጻፈች፤ ከሥሩ የመካኒኩን ልጅ ስም፣ ከስሙ ቀጥሎ የዕለቱን ቀን።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

አንደኛ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ደንብ በእርሳሷ አመለከተች። በሰብሳቢው በራሳቸው ውብ የእጅ ጽሕፈት የተጻፈ ነው። አራተኛው መስመር «በውሰት የወጣ መጽሐፍ ዐሥራ አምስት ቀን ሳይሞላው አይጠየቅም» ይላል።

«ደንቡ የእርስዎ ነው፣ ጋሼ። እኔ አክብሬዋለሁ።» ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀችና ከክሩ አጠገብ አስቀመጠችው። «ቁልፉ ይኸውልዎ። ቀጣዩን የሚመርጥ ሰው ከመጀመሪያው ገጽ እንዲጀምር ብቻ አደራ።»

ማንም ቁልፉን አላነሣም። ፋርማሲስቱ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደና የሚያነክሰውን ልጅ መጽሐፍ አወጣ፤ መጨረሻውን ሊገልጥ ከጀመረ በኋላ ተወውና ወደ ሽፋኑ ተመለሰ። አንደኛ ግን የሚሆነውን ለማየት አልቆየችም።

የመካኒኩ ልጅ ደረጃው ላይ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። አንደኛ መጽሐፉን ሰጠቻት፤ ራሷም አንድ ደረጃ ከፍ ብላ ተቀመጠች። ልጅቷ ወደ ቤቷ አልሄደችም። የተፈታውን ገጽ አገኘች፤ የመርፌውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በጣቷ ነካካች፤ ከዚያ ማንበብ ጀመረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሦስት ገጽ፣ አራት ገጽ።

«እትዬ» አለች ቀና ሳትል። «አልጋ ሥር ወረወረችው።»

«አዎ።»

«ማንም አልመታትም?»

«ማንም።»

ልጅቷ ጠጋ ብላ ጀርባዋን በአንደኛ ጉልበት ላይ አስደገፈችና፣ ገጹን ገልጣ፣ ከባሕሩ ዳር ያለውን ጩኸት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። የክፍሏ በር ከኋላቸው ክፍት ነበር።