ለሮሐ ጆሮ የተላኩ ሽማግሌዎች

የሮሐ የንባብ ፈተና ውጤት የመጣ ቀን እናቷ ጽጌወይን መጀመሪያ የተናደደችው በመምህሯ ደግነት ነበር። መምህሯ ስልክ ደውላ ድምፅዋን አለስልሳ «ሮሐ በጣም ደስ የምትል ልጅ ናት» አለቻት። ጽጌወይን ላስ ቬጋስ ከገባች ወዲህ የተማረችው ነገር ቢኖር አሜሪካኖች ክፉ ወሬ ሊነግሩ ሲሉ በሙገሳ እንደሚጀምሩ ነው። እንደፈራችውም ሆነ። ልጅቷ ከክፍሉ ልጆች መጨረሻ ሆናለች፤ የሚነገራትን አትረዳም፤ ስለዚህ በሚመጣው ዓመት አንደኛ ክፍልን ትደግማለች።

«የትኛዋ ሮሐ?» ብላ ጠየቀች ጽጌወይን። የምሯን ነው።

እሷ የምታውቃት ሮሐ ሰንራይዝ ማነር ሰፈር ካለው አፓርታማቸው በረንዳ ላይ አሻንጉሊቶቿን ደርድራ መጽሐፍ የምታነብላቸው፣ ዝም ብሎ ያላዳመጠውን አሻንጉሊት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ የምትቀጣ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። እንዲህ ያለች ልጅ ማንበብ አቅቷት ክፍል ልትደግም! ጓደኞቿ በሙሉ ሁለተኛ ክፍል ሲገቡ እሷ ከትንንሾቹ ጋር ልትቀር! ጽጌወይን ስልኩን ዘግታ ወጥ ቤት ገባችና የታጠበ ሳህን እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ጊዜው የ2021 ሚያዝያ ነው። ዓመቱን ሙሉ በኮምፒውተር ሲማሩ የከረሙት ሕፃናት ጭምብል አጥልቀው ክፍል መግባት ከጀመሩ ብዙም አልቆዩም። ጽጌወይንም የምትሠራበት ካዚኖ ተከፍቶ ካርታ ማከፋፈሏን ቀጥላለች። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሺፍት ተመልሳ፣ ጭምብሏን እንኳ ሳታወልቅ ከበሩ ላይ «ሮሐ፣ ጫማሽን አድርጊ፣ ኑድል ልንበላ ነው» አለች። ሮሐ ለኑድል ስትል ከእንቅልፏ የምትነሣ ልጅ ናት። አሁን ግን ቀና ብላ አይታ ፈገግ አለችና ወደ ሥዕሏ ተመለሰች።

ጽጌወይን ደገመችው። ምንም የለም። ጭምብሏን ወደ አገጯ ሳበችና «ኑድል» አለች። ልጅቷ ተስፈንጥራ ተነሣች።

እናት ጠረጠረች። ጭምብሉን መልሳ አጠለቀችና «አይስክሬምም አለ» አለች። ሮሐ ዓይኗን ጭምብሉ ላይ ተክላ ጠበቀች። ጽጌወይን ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። እንጀራዋ የሰው ፊት ማየት ነው፤ ቁማርተኛ ቅንድቡን ሲያነቃንቅ ምን እንደያዘ ትገምታለች። የገዛ ልጇ ግን ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ በዓይኗ ስትሰማ ከርማለች፤ እናቷ ግን ልብ አላለችም። ሮሐ እናቷ ለምን እንደምታለቅስ አልገባትም፤ ጫማዋን ራሷ አድርጋ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

ነገሩ እንዲህ ግልጽ ከሆነ መፍትሔውም ቀላል ይመስል ነበር። ጭምብል ያጠለቀች ፈታኝ ጥያቄ ብታነብላት ልጅቷ ከየት አምጥታ ትመልስ? ጽጌወይን ሰኞ ማለዳ ትምህርት ቤት ሄደች።

«የአንደኛ ክፍል ልጆች ጆሮ በየዓመቱ በነርሶች ይመረመር ነበር» አሏት። «ዘንድሮ በኮሮና ምክንያት ተሰርዟል።»

«ፈተናውስ?»

«ፈተናውማ አልተሰረዘም።»

ከዚያ በኋላ የሆነው የኳስ ጨዋታ ነው። ርእሰ መምህሩ «ነርሶቹ የጤና ቢሮው ናቸው» አሉ። የጤና ቢሮው «ትምህርት ቤቱ ካልጠየቀን አንሄድም» አለ። ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ስትደውል ሙዚቃ አሰምተው አሰምተው ወደ ርእሰ መምህሩ መለሷት። ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ስትጠይቅ የሰጧት መስከረም ላይ ነው፤ ያኔ ሮሐ አንደኛ ክፍልን ዳግም ጀምራለች። ሁሉም ትሑት ነው፣ ሁሉም ያዝናል፣ ኃላፊነቱ ግን የማንም አይደለም።

ባሏ ፍራኦል የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ያን ሰሞን ቴክሳስ ነበር። በስልክ ሁሉንም ካዳመጠ በኋላ «እንግዲህ ሽማግሌ ላኪባቸው» አላት። ሲቀልድ ነው። ጽጌወይን ግን አልሳቀችም። እያሰበችው ሄደችና ማታውኑ የጋሽ ወልደማርያምን በር አንኳኳች።

ጋሽ ወልደማርያም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ካዚኖ በር ላይ የእንግዳ መኪና ተቀብለው ሲያቆሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ከተማው ውስጥ ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ሽማግሌ ሆነው ያልጠየቋት ሙሽራ የለችም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገሩን ሰምተው ጥቂት አሰቡ።

«የምንጠይቀው ማንን ነው?»

«የትምህርት ቦርዱን ነው፣ ጋሼ። ሐሙስ ስብሰባ አላቸው፤ የጤና ቢሮውም ሰው ይገኛል። ማንም ሰው ተመዝግቦ መናገር ይችላል።»

«አንቺ ቀድመሽ አትናገሪም። ሰው ለገዛ ልጁ ራሱ አይማልድም። እኛ እንቀድምሻለን።»

«ግን እኮ ጋሼ፣ ታይም ይቆጥራሉ። ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የሚሰጡት።»

«ሁለት ደቂቃ ለምኑ ይበቃል?» አሉ ተገርመው። «ለማንኛውም ሦስት ሆነን እንመጣለን።»

ሁለተኛው ሽማግሌ ለድምፃቸው የተመረጡት ጋሽ መርሻ ሆኑ። ሦስተኛዋ እትዬ አስካል ናቸው። ጋሽ መርሻ «ሴት ሽማግሌ ደግሞ የት ታየ?» ብለው ነበር፤ ጋሽ ወልደማርያም ግን «አገሩ አሜሪካ ነው» ብለው ዘጉት። እውነቱን ለመናገር እትዬ አስካል የተጠሩት ከሦስቱ ማንንም የማይፈሩት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ነጠላቸውን ደርበው፣ ጭምብላቸውን አጥልቀው መጡ። አዳራሹ ውስጥ ሰው ተራርቆ ተቀምጧል። የቦርዱ አባላት ከፍ ብሎ በተሠራ መድረክ ላይ በመስታወት ተከልለዋል። ሊቀመንበሯ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ሸምገል ያለች ሴት ስትሆን፣ ደንቡን በአንድ ትንፋሽ አነበበችው። አረንጓዴው መብራት ሲበራ ይጀመራል፤ ቀዩ ሲበራ ይቆማል፤ ቦርዱ ያዳምጣል እንጂ ለተናጋሪ መልስ አይሰጥም። ጽጌወይን ይህን የመጨረሻውን ስትሰማ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞር አለች። ጋሽ ወልደማርያም ነጠላቸውን እያስተካከሉ ነበር።

መጀመሪያ የእሳቸው ስም ተጠራ። ማይክራፎኑ ፊት ቆመው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና በእንግሊዝኛ «እንደምን ዋላችሁ?» አሉ። አሉና ዝም አሉ።

ቦርዱም ዝም አለ። አረንጓዴው መብራት ይበራል።

ጋሽ ወልደማርያም ጠበቁ። ሽማግሌ ሰላምታው ሳይመለስለት ወደ ጉዳዩ አይገባም፤ ቢገባ የተጠያቂውን ቤት መናቅ ነው። ምናልባት አልሰሙኝም ብለው ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ አሉ። «ደህና ናችሁ ወይ?»

አንዱ የቦርድ አባል ወረቀት አገላበጠ። ጽጌወይን እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ከኋላዋ ከሚስቱ ጋር የተቀመጠ የሜክሲኮ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። መብራቱ ቢጫ ሆነ።

«ቤተሰብስ ደህና ነው?» አሉ ጋሽ ወልደማርያም፣ አሁን በእውነት ተጨንቀው። «በዚህ ክፉ በሽታ የተጎዳባችሁ ሰው አለ እንዴ?»

ቀዩ በራ። ሊቀመንበሯ መብራቱን አየች፣ አጠገቧ ያለውን የቦርዱን ጠበቃ አየች፣ ከዚያ ሽማግሌውን አየች።

«እናቴ ታማ ነበር» አለች። «አሁን ድናለች። ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ጋሽ ወልደማርያም፣ ፊታቸው እየበራ። ጊዜያቸው አልቆ ስለ ሮሐ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ፤ ግን አልተቀመጡም።

ጋሽ መርሻ ተከተሉ። በዚያ ድምፃቸው ጋሽ ወልደማርያም ምን ያህል የተከበሩ ሰው እንደሆኑ ዘረዘሩ፤ ባዶ እጃችንን ስለመጣን ይቅር በሉን አሉ፤ እሳቸውን ለመሰለ ሽማግሌ እንቢ የሚል ቤት እስካሁን እንዳልተገኘ አስታወቁ። «የመጣንበት ጉዳይ» ሲሉ ቀዩ በራ። እሳቸውም ከጋሽ ወልደማርያም ጎን ቆሙ። ጽጌወይን ከንፈሯን ነክሳ ይዛለች፤ ልታለቅስ ይሁን ልትስቅ ራሷም አታውቅም። ጉዳዩ ሳይነገር ሊያልቅ ነው።

እትዬ አስካል ማይክራፎኑን ዝቅ አደረጉት። «የልጃችንን ጆሮ ማን እንደሚመረምርና መቼ እንደሆነ እስክትነግሩን ድረስ አንቀመጥም» አሉ። የተረፈውን ጊዜ በዝምታ አሳለፉት። ከዚያ ሄደው ከሁለቱ አጠገብ ቆሙ።

የጥበቃ ሠራተኛው ወደ ሊቀመንበሯ ተመለከተ። መጮህ ክልክል ነው፤ የመፈክር ወረቀት ማውለብለብም ክልክል ነው። ስለ መቆም ደንቡ ምንም አይልም። ጽጌወይን ስሟ ሲጠራ ወደ ማይክራፎኑ ሄደች። የጻፈችውን ወረቀት ወንበሩ ላይ ረስታዋለች።

«ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው» አለች። «ሰው ሲናገር የምትሰማው አፉን አይታ ነው። ጭምብል ያደረገች ፈታኝ ጠየቀቻት፣ እናንተም ማንበብ አትችልም ብላችሁ ጻፋችሁ። የጆሮ ምርመራውን ሰረዛችሁ፣ ፈተናውን ግን አልሰረዛችሁም። ትምህርት ቤቱ ጤና ቢሮ ይለኛል፣ ጤና ቢሮው ትምህርት ቤት ይለኛል። ዛሬ ሁላችሁም እዚህ አላችሁ። የማን ሥራ ነው?»

ሊቀመንበሯ እንደ ደንቡ ዝም ማለት ነበረባት፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች ግን እንደቆሙ ናቸው፣ ዓይናቸውም እሷ ላይ ነው። ሰላምታ አንዴ ከተመለሰ ወዲያ ዝም ማለት ይከብዳል። የጤና ቢሮውን ተወካይ ስሙን ጠርታ «የማን ሥራ ነው?» አለችው። ተወካዩ ከቦርዱ አጠገብ ወደተቀመጠው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አየ። ኃላፊው ወደ ተወካዩ አየ። እዚያ ሕዝብ ፊት ኳሱን የሚመታበት ሜዳ አልነበረም።

«የሁለታችንም ነው» አለ ተወካዩ በመጨረሻ። «ነርሶቹን ሰኞ መላክ እንችላለን።»

«ለእሷ ብቻ?» አሉ እትዬ አስካል፣ ማይክራፎን ሳያስፈልጋቸው።

«ለአንደኛ ክፍል ልጆች በሙሉ።»

ሊቀመንበሯም ጆሮው ያልተመረመረ ልጅ በዚያ ፈተና ክፍል እንዳይደግም፣ ከምርመራው በኋላም እንደገና እንዲፈተን ቦርዱን ጠየቀች፤ እጆች ወጡ፤ ተወሰነ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን «አሁን እባካችሁ ተቀመጡ» አለቻቸው፣ ልክ ሴት ልጇን እንደምትድር እናት። ጋሽ ወልደማርያም ከመቀመጣቸው በፊት መረቁ። ማንም ቀይ መብራት አላበራባቸውም። ያ ሳቁን በሳል የሸፈነው የሜክሲኮ ሰው ከነሚስቱ ጮክ ብለው «አሜን» አሉ፤ ሁለት የቦርድ አባላትም ሳያስቡት ተከተሉ።

ነርሶቹ ሰኞ መጡ። ሮሐ ማዳመጫውን አጥልቃ፣ ሌሎቹ ልጆች እጃቸውን ያወጡበትን ድምፅ ሁሉ በዝምታ አሳለፈችው። አብረዋት የተመረመሩ ሌሎች ሁለት ልጆችም እንደ እሷ ሆኑ። በጤና ቢሮው ግፊት መስከረም የነበረው ቀጠሮ ወደ ግንቦት መጣ፤ ሐኪሙም ከጆሮ ታምቡሯ ጀርባ ውሃ ተጠራቅሞ አገኘ። ትንንሽ ቱቦ ካስገቡላት የሚድን ነገር ነው። ገባላት፤ ዳግም ተፈተነች፤ በነሐሴ ከጓደኞቿ ጋር ሁለተኛ ክፍል ገባች። ጋሽ ወልደማርያምም ከዚያ ወዲህ ለቤት ኪራይም ለመንጃ ፈቃድም ሽማግሌ ሁኑልን የሚላቸው ሰው በዝቶ መውጫ መግቢያ አጥተዋል።

ጽጌወይን ታሪኩን ስታወራ ግን ስለ ፈተናው እምብዛም አታነሣም። የምታወራው ቱቦው የገባ ቀን ነው። ክሊኒኩ ሲልቬራዶ ራንች በሚባል ሰፈር፣ በሱቆች መሀል ነበር። ሮሐን ከኋላ ወንበር አስራ፣ ከመኪና ማቆሚያው ለመውጣት ፍሬቻ አበራች።

«ማሚ፣ ምንድን ነው ቲክ ቲክ የሚለው?»

«የቱ?»

«ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። አትሰሚም?»

ጽጌወይን ጆሮዋን አቀናች። እሷ ድምፁን ልብ ማለት ከተወች ቆይታለች። «ፍሬቻው ነው። ልንታጠፍ ስንል እንደዚያ ይላል።»

«ሁልጊዜ ነው የሚለው?»

«ሁልጊዜ ነው፣ የኔ ቆንጆ።»

ሮሐ አዳመጠች። ከዚያ ወደ ፊት ጠጋ ብላ «ሌላስ ምን አለ?» አለች።

ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ ሮሐ ለሱም ሳቀች። ጽጌወይን እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ የመኪናውን መስኮቶች በሙሉ ዝቅ አደረገችና፣ ፍሬቻዋን እንዳበራች ወደ ቤት መሄዱን ትታ በሱቆቹ ዙሪያ መዞር ጀመረች።