የሻምሼር ጥጃ

ሻምሼር የተባለው ኮርማ ሲሞት ሽማግሌው ማንጌ ራም እንደ ሰው አለቀሰለት። በግዛታቸው በሃርያና ውስጥ እንዲህ ያለ የለማዳ ጎሽ ኮርማ ያለው ሰው ተከብሮ ይኖራል፤ በየከብት ትርዒቱ የአበባ ጉንጉን አጥልቆለት ሲስበው አገሩ ሁሉ "የሻምሼር አባት" ይለው ነበር። የከብት ምርምር ጣቢያው ሐኪም ዶክተር አኑራዳ ከኮርማው ጆሮ ቆዳ ቆንጥራ አስቀምጣ ስለነበር፣ ሽማግሌው ገና ከሐዘኑ ሳይወጣ ደጇ ቆመ።

"መልሺልኝ" አላት።

የሻምሼርን ግልባጭ የመፍጠሩ ሥራ ተጀመረ። ከቄራ የመጣ የእንስት ጎሽ የዘር እንቁላል አስኳሉ በቀጭን መርፌ ይመጠጣል፤ በምትኩ የሻምሼር ህዋስ ይገባና በኤሌክትሪክ ንዝረት አንድ ይሆናሉ። አብዛኞቹ ፅንሶች ገና ብርጭቆው ላይ ሞቱ። የተረፉት በመንደሩ ጎሾች ማህፀን ገቡ፤ እነሱም ጨነገፉ። ያዘች የተባለችው ቻምፓ ብቻ ነበረች።

ቻምፓ የምራቱ የቢርማቲ ናት። ቢርማቲ ስትዳር ከእናቷ ቤት ጥጃ ሆና አብራት የመጣች ናት። "ትፈቅጃለሽ ወይ?" ብሎ የጠየቃት ግን የለም።

በስምንተኛው ወር የቻምፓ ሆድ እንደ ከበሮ ተነፋ። ዶክተሯ ዳበሰችና ፊቷ ጠቆረ።

"ውኃ ነው የሞላው። እንዲህ ባሉት እርግዝናዎች ላይ ይመጣል። ዛሬ ካወጣነው እናትየዋ ትድናለች፤ ጥጃው ግን አልደረሰም።"

"እስኪደርስ ማንም አይነካትም" አለ ማንጌ ራም።

ቢርማቲ አማቷ ፊት ድምፅ አሰምታ አታውቅም። ያን ቀን ከሻሿ ሥር ተናገረች። "አባባ፣ የሞተውን ፍለጋ በቁሟ ያለችውን ይገድሏታል እንዴ?"

"ጎሽ ሞልቷል። ሻምሼር ግን አንድ ነው!"

"አንድ ከሆነማ፣ ይኼ ሌላ ነዋ!"

ቢርማቲ ወደ ዶክተሯ ዞረች፤ ዶክተሯ ግን ዓይኗን ሰበረች። እሷም ጥጃውን ትፈልገው ነበር።

ቻምፓ መነሳት አቃታት። ቢርማቲ ገለባ ከጎኗ እየጎዘጎዘች፣ ውኃ በእጇ እየጨለፈች ታጠጣት ጀመር። በመጨረሻ ሆዷ በቢላ ተከፈተና ጥጃው በሁለት ሰው ጉተታ ወጣ፤ ከልክ በላይ ግዙፍ፣ እትብቱ እንደ ክንድ የወፈረ። ስፌቱ ሳያልቅ ቻምፓ ትንፋሿ ተቋረጠ።

ማንጌ ራም ሬሳዋን ተሻግሮ የጥጃውን ጭራ ያዘ። ሻምሼር ጭራው ጫፍ ላይ ነጭ ነጥብ ነበረው። ይኼኛው ጥቁር ነው። ጠጉሩን እየፈለቀቀ ፈለገ፤ አጣው።

"ነጥብ ሁልጊዜ አይገለበጥም፤ ደሙ ግን ያው ነው" አለችው ዶክተሯ።

ጡጦ ማጥባቱ ለቢርማቲ ቀረ። መጀመሪያ ልታየው አስጠላት። ኋላ ጣቷን ሲጠባ፣ እያንዳንዱን ትንፋሽ እንደ ሸክም ሲያነሳ፣ ከንፈሯን ነክሳ ጀርባውን ታሸው ጀመር። ሳምባው አልተከፈተለትም። ሳምንት ሳይሞላው፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ጭኗ ላይ አንገቱን አስደግፎ ሞተ።

ሽማግሌው ዶክተሯን "ከሻምሼር ቆዳ የቀረ አለ?" አላት።

"አለ፤ በረዶ ውስጥ።"

ዓይኑ ግቢውን ዞሮ ከግንድ የታሰረችው ጊደር ላይ አረፈ። የቻምፓ ልጅ ናት።

ቢርማቲ ጊደሯን ፈታች፤ በሰናፍጩ ማሳ መሀል አድርጋ፣ ቦዩን ተሻግራ፣ ወንድሟ መንደር ገባች።

ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ አያት። "አማትሽ ያውቃሉ?"

"ስወጣ እያዩኝ ነበር።"

"ሊመልሱሽ ይመጣሉ፣ እህት ዓለም።"

"ይምጡ" አለችና ለጊደሯ ጥላ ፍለጋ ወደ ግቢው ገባች።