የተዋስናት አንባቢ

እናቴ እንግዳ ሊመጣ ነው ከተባለ ከጎረቤት የማትዋሰው ዕቃ አልነበረም። ብርጭቆ፣ ትሪ፣ የሶፋ ልብስ። አንዴማ የእህቴ ሽማግሌዎች ሲመጡ የግድግዳ ሰዓት ተውሳ ሰቅላለች። እንግዳው ሲሄድ ዕቃውን የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ሮቤ ያደገ ሰው በዚህ አይስቅም፤ በየቤቱ ያለ ነገር ነው። ይህን የማነሳው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ሃያ ስምንቱን ያስተማረ ሰው በእናቱ አያመካኝም። ደግሞም እናቴ ሰው ተውሳ አታውቅም። እኔ ተውሻለሁ።

ስሜ ዳግማዊ ነው። በትምህርት ቤታችን የልዩ ፍላጎት ክፍል የሚባለውን የማስተምር እኔ ነኝ። ያሉኝ አሥራ ሁለት ልጆች ናቸው፤ ያያሉ፣ ይሰማሉ፣ ይጫወታሉ፤ ፊደል ግን እምቢ ብሏቸዋል። ብዙ መምህራን «ሰነፍ» ይሏቸዋል። እኔም ስልጠና ወስጄ እስክረዳ ድረስ እንደዚያ ስል ነበር፤ ከማለትም አልፌ አለንጋ ነበረኝ። ባለፈው ዓመት አቶ በእውቀቱ የሚባሉ የአዲስ አበባ ባለሀብት ያቋቋሙት የበጎ አድራጎት ድርጅት አሥራ ሁለት ታብሌት ከነማዳመጫው ሰጠን። ልጁ ቃሉን በጣቱ ሲነካው ቃሉ ቢጫ ይሆንና ታብሌቱ ያነብለታል። ልጁ ተከትሎ ይላል። መቶ ጊዜ ቢነካው መቶ ጊዜ ሳይቆጣ ይመልስለታል። ከእኔ የሚሻለው በዚህ ነው።

ከልጆቹ አንዷ ጁሀራ ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ ከሚላ ትባላለች፤ ገበያ ውስጥ የሪራ ጫካ ማር ትሸጣለች። ጁሀራ አንዴ የሰማችውን አትረሳም፤ የሬዲዮ ዜና ከነአንባቢው ድምፅ ስትደግም ክፍሉ በሳቅ ይሞታል። ወረቀት ላይ ግን ፊደሎቹ ይምታቱባታል። ከመስመር መስመር ትዘላለች፣ ተመልሳ ትፈልጋለች፣ ያልባታል። ታብሌቱ በመጣ በስድስተኛው ወር ግን ማዳመጫውን አውልቃ ከወረቀት አንድ ዓረፍተ ነገር አነበበችልኝ። ቀስ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ። በደስታ ለድርጅቱ ሪፖርት ጻፍኩ፤ ስሟንም አስገባሁ። «ተማሪ ጁሀራ ማንበብ ጀምራለች» አልኩ። ይህ ውሸት አልነበረም።

ጦሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አቶ በእውቀቱ ራሳቸው ሊጎበኙን እንደሚመጡ፣ ጎረቤታችን ጎባ ከተማ አድረው ጠዋት እኛ ጋ እንደሚደርሱ፣ ጁሀራንም መስማት እንደሚፈልጉ ተነገረን። ለጁሀራ ስነግራት አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ስለ ሳነቴ አምባ ቀይ ቀበሮ የሚናገር አጭር ምንባብ መረጥኩላትና ሁለት ሳምንት ሙሉ ተለማመደች። ለዒድ የተገዛላትን ቀሚስ ልትለብስ እንደሆነ ለጓደኞቿ ሁሉ ነግራለች።

ከጉብኝቱ አንድ ቀን በፊት በዳይሬክተራችን በፈለቀች ፊት አስነበብኳት። አራት መስመር ነው። ሰባት ደቂቃ ፈጀባት። ጨርሳ ቀና ስትል ፊቷ ያበራ ነበር፤ እኛ ግን ሰዓት ነበር የምናየው። ጁሀራ ከወጣች በኋላ ፈለቀች ተነፈሰች።

«ዳግማዊ፣ ሰውዬው ይህን ያህል አገር አቋርጠው የሚመጡት ለዚህ ነው? ገንዘቤ የት ገባ ቢሉስ?»

ፈለቀች ክፉ ሴት አይደለችም፤ አብረን አሥራ አምስት ዓመት ሠርተናል። ሐሳቡንም ያመጣችው እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ።

«ከአራተኛ ቢ ልደትን እንዋሳት» አልኩ። ልደት ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ፣ ስታነብ እንደ ውሃ የምታንቆረቁር ልጅ ናት።

«ስሟስ? የሚጠይቁት እኮ ጁሀራን ነው።»

«ለአንድ ጠዋት ነው። ጁሀራ ትባልላቸው።»

ከዚያ ወጥቼ ጁሀራን ጠራኋትና ነገ ክፍላችን ዝግ ነው፣ ቤትሽ ሁኚ አልኳት።

«እንግዶቹስ፣ ቲቸር?»

«ቀርተዋል» አልኩ። ዓይኗን እያየሁ ነው ያልኩት።

እንግዶቹ መጡ፤ ለሌሎቹ አሥራ አንዱ ልጆቼ ዝም እንዲሉ ነግሬያቸው ነበር። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል፤ እኛ ፊቱንም ተውሰን ነበር። ልደት ታብሌቱን ይዛ ተነሳች፤ ስሟን ሲጠይቋት እንዳስጠናኋት «ጁሀራ ከማል» አለች፤ ቀይ ቀበሮውን ባንድ ትንፋሽ ወረደችው። ይህን ጊዜ ነው መስኮቱ ላይ የዒድ ቀሚስ ያየሁት።

ጁሀራ ናት። መኪኖቹን መንገድ ላይ አይታ ነው መሰለኝ የመጣችው። መስታወቱን በእጇ ጋርዳ ወደ ውስጥ ታያለች። ስሟን ሌላ ልጅ ስትጠራው ሰምታለች፤ የመስኮቱ አንዱ ወገን ክፍት ነበርና አለመስማት አትችልም። እንደምታለቅስ ወይም እንደምትጮህ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም። እኔን አየችኝ፤ እኔ ደግሞ ዓይኔን መለስኩ። ተነስቼ «ጁሀራ ያቺውላችሁ» ብል ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር። ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

አቶ በእውቀቱ እጃቸውን ልደት ራስ ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ታላቅ ወንድሜ ፊደል አልገባው እያለ ስንት ጊዜ እንደተገረፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ከሦስተኛ ክፍል ወጣ፣ ደብዳቤ ሳያነብ ሞተ። በስድስት ወር እንዲህ የሚነበብ ከሆነ ስንቱን ልጅ ባተረፍን!» ፈለቀች አጨበጨበች። እኔም አጨበጨብኩ።

በማግስቱ ጁሀራ ክፍል መጣች። እሷም አላነሳችውም፤ እኔም አላነሳሁትም። እንደ ወትሮዋ ታብሌቷን ይዛ ጥጓ ትቀመጣለች፣ ቃሉን ትነካለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ለእኔ ጮክ ብላ ማንበብ ግን ተወች። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ከበደኝ። ትምህርት ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ያን መስኮት ሆነ።

ከአንድ ወር በኋላ ደብዳቤ መጣ። ድርጅቱ ያመሰግነናል። በትምህርት ቤታችን የታሰበው ግብ ስለተመታ ታብሌቶቹ ተራ ወደሚጠብቁት አንገቱ የምትባል ከተማ ልጆች ይዛወራሉ፤ በመጪው ሰኞ መኪና መጥቶ ይወስዳል። ፈለቀች ሁለት ጊዜ አነበበችና ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ እኔና አንተ ማለት ነው» አለች።

ድርጅቱን ልቆጣ ሞከርኩ፤ በምን አፌ? የአንገቱስ ልጆች ልጆች አይደሉም? ሰዎቹ የሠሩት ያሳየናቸውን አምነው ነው። ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወደ ከሚላ ቤት ሄድኩ። ለእናትየው እውነቱን ልነግራት ነበር ሐሳቤ። ቢያንስ መንገድ ላይ እንደዚያ ነበር።

ከሚላ የማር ጀሪካኖቿን ደጅ ታጥብ ነበር። ስታየኝ እጇን በሻርፗ ጠርጋ ተነሳች።

«ባርሲሳ! ነጋ ነው? ኮቱ፣ ይግቡ፣ ይግቡ!» አለችኝ። በኦሮምኛ ነጋ ሰላም፣ ኮቱ ደግሞ ይምጡ ማለት ነው፤ ባርሲሳ መምህር ነው፤ እሷ ስትለው ከፍ ያለ ማዕረግ ይመስላል።

ገና ሳልቀመጥ ከመደርደሪያ አንድ ጠርሙስ ማር አውርዳ እጄ ላይ አስቀመጠች። «የሪራ ነው፣ ለሰው ያላስነካሁት። ገበያ ሆኜ ፋታ አጥቼ እንጂ ያን ሰሞን ነበር ማምጣት የነበረብኝ። ጁሀራ ነገረችኝ እኮ! ለእንግዶቹ አነበበች አሉ፤ አጨበጨቡላት። አልሀምዱሊላህ! እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት ነኝ፣ ባርሲሳ። ለልጄ ዓይን ሰጧት።»

ጁሀራ በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። ጫማዬን ታያለች። ያኔ ገባኝ፤ ልጅቷ ወር ሙሉ የእኔን ውሸት ተሸክማልኝ ኖራለች። እናቷ እንዳታዝን ይሁን እኔ እንዳላፍር አላውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ከሚላ፣ አንድ ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት» ብዬ ደብዳቤውን አወጣሁ። «ከድርጅቱ ነው።»

«እንግዲያ ጁሀራ ታንብብልኝ!» አለች ከሚላ። «ለእንግዳ ያነበበች ለእናቷ ልትነፍግ ነው?»

ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ሰጠቻት። ልነጥቃት ስችል ተቀመጥኩ።

ጁሀራ ቁጭ ብላ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። ጣቷን አንዱ መስመር ላይ አደረገች፤ ቃሉን ነካ አደረገችና እንደ ታብሌቱ እንዲናገርላት ይመስል ጥቂት ጠበቀች። ወረቀቱ ዝም አለ። መጀመሪያ ያገኘችው ስሟን ነው።

«ጁ… ሀ… ራ…»

ከሚላ ሳቀች። ጁሀራ ቀጠለች። በግንባሯ ላይ ላብ ወጣ። «በስ… በስድ… በስድስት… ወር…» ተመለሰች፣ መስመር ሳተች፣ ፈለገች፣ አገኘች። ደጅ ላይ ሁለት ባጃጅ አለፈ፤ ዝናብ ጀመረ፤ እሷ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ናት። የከሚላ ሳቅ ቀስ በቀስ ከፊቷ ጠፋ።

«ታሾፊብኛለሽ እንዴ?»

«አላሾፍኩም፣ እማ። እንዲህ ነው የማነበው» አለችና ጣቷን ሳታነሳ ጨረሰችው። «አጥ… ርታ… ማን… በብ… ች… ላለች።»

ጁሀራ በስድስት ወር አጥርታ ማንበብ ችላለች፤ ደብዳቤው የሚለው ይህን ነበር። ይህን ለማንበብ አምስት ደቂቃ ፈጀባት።

ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰባቱን ደቂቃ፣ ልደትን፣ «ቀርተዋል» ያልኩትን፣ መስኮቱን፣ ሰኞ የሚመጣውን መኪና። ስጨርስ ጠርሙሱ ገና እጄ ላይ ነበር።

«እኔ ጥሩውን ማር ከላይ፣ ሌላውን ከታች አድርጌ ሸጬ አላውቅም፣ ባርሲሳ» አለች። ልጇን አየችና «ልጄ አሳፍራዎት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

«አዎ» አልኩ። «አፈርኩባት። አሁን በራሴ ነው የማፍረው።»

ጠርሙሱን መሬት አስቀመጥኩና ስልኬን አወጣሁ። የአቶ በእውቀቱ ቁጥር ከደብዳቤው ግርጌ አለ። ጁሀራ ከያዘችው ወረቀት ላይ እያየሁ መታሁት። ራሳቸው አነሱት።

«ዳግማዊ ነኝ፣ ከሮቤ። ያን ቀን የሰሟት ልጅ ጁሀራ አይደለችም፣ ጋሼ። ከሌላ ክፍል ተውሼ ያቀረብኳት ልጅ ናት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጁሀራ የምታነበው እንደዚያ አይደለም፤ ቀስ ብላ ነው፣ ግን በራሷ ነው። ታብሌቱ ከሄደ ይህም ይቀርባታል።»

ይህን ሲሰሙ ወንድማቸውን ያሰቡ ይመስለኛል፤ ወይም ያጨበጨብኩትን እኔን።

«እሷስ የት ናት?» አሉ።

«አጠገቤ ናት።»

«አቅርብልኝ። የፈለገችውን ያህል ትቆይ፤ ልስማት።»

ስልኩን ለጁሀራ ሰጠኋት። በአንድ እጇ ደብዳቤውን፣ በሌላው ስልኩን ይዛ ተነሳች። ወደ ጆሮዋ አስጠግታው ሳለ ቆም አለች፤ በመዳፏ ጋረደችውና ወደ እኔ ዞረች።

«ቲቸር፣ ማን ነኝ ልበል?» አለችኝ።

ልትነካኝ ብላ አልነበረም፤ የምሯን ነበር የጠየቀችኝ።