ሉሬታና የተገለበጡት እንቁላሎች

ሉሬታ እባብ ስትፈራ ልክ የላትም። አንድ ቀን የአትክልት ማጠጫ ጎማ ሣር ላይ ተጋድሞ ብታይ፣ ከምትኖርበት ከዌይክሮስ ከተማ እስከ ፍሎሪዳ ድንበር በአንድ ትንፋሽ ሮጣ ጥላዋ የደረሰባት በማግስቱ ነው ይባላል። ያወሩት የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ናቸውና ውሸት የለበትም።

ታዲያ የወንድሟ ልጅ፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ ዴልማር፣ የእባብ እንቁላል የሞላበት ማሞቂያ ሣጥን አስታቅፏት ወደ ሥራው ሲሄድ ለምን እሺ አለች? ስለ ዝንጅብል ብላ ነው። ዝንጅብል ዴልማር ከጉርምስናው ጀምሮ ያሳደጋት፣ መርዝ የሌላት፣ "የበቆሎ እባብ" የሚሏት ዓይነት ብርቱካንማ እባብ ነበረች፤ እንቁላሎቿን ጥላ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ያ በር የማይበቃው ሰውዬ በጫማ ካርቶን ቀብሯት ሲነፋረቅ የሉሬታ አንጀት አልቻለም።

"አክስቴ፣ ከእሷ የቀረኝ ይኼው ነው" አላት።

ሣጥኑን ጓዳ አስገባችና በበሩ ሥር ፎጣ ወተፈች። "ጌታ ሆይ፣ ልጁን አታሳዝንብኝ" ብላ ጸለየች፤ ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ግን ደግሞ አንዱም እንዳይፈለፈል።"

ችግሩ ሉሬታ የዶሮ ሰው መሆኗ ነው፤ የዶሮ እንቁላል ደግሞ በየቀኑ ካልተገላበጠ ደህና አይፈለፈልም። ዶሮ ያስፈለፈለች ሴት ሳይገላበጥ የተቀመጠ እንቁላል ስታይ እጇን ይበላታል። አንድ ጠዋት የምድጃ ጓንቷን አጥልቃ፣ ፊቷን አዙራ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀውን ክምር እንደ ቂጣ ገለበጠችው።

ምሳ ሰዓት ላይ ዴልማር ደወለ።

"እኔ እምልህ፣ በቀን ስንቴ ነው የሚገላበጡት?" አለችው።

"አክስቴ፣ ነካክተሻቸዋል እንዴ?"

"ኧረ እንዲያው ለማወቅ ነው!"

"የዶሮ አይደለም እኮ! የእባብ ፅንስ ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ ነው የሚያድገው፤ ከገለበጥሽው ይታፈናል። በእርሳስ ምልክት ያደረግኩት ለዚህ ነው። ምልክቱ ወደ ላይ ነው አይደል?"

"ወደ ላይ ነው" አለች።

"በይ ጨለማ ውስጥ ባትሪ አብሪባቸው። ቀይ የደም ሥር ካየሽ፣ መሐሉ ላይም የሚመታ ነገር ካለ፣ በሕይወት አለ። ቢጫ ብቻ ከሆነ ከመጀመሪያውም ባዶ ነው፤ ያ ሰነፍ ወንዱ እባብ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። መልሼ እደውላለሁ።"

ጓዳው የሚጨልመው በሩ ሲዘጋ ነው። ሉሬታ ገባችና ከእንቁላሎቹ ጋር ራሷ ላይ ዘጋችው። የእርሳሱ ምልክት ወደ ላይ እንዲሆን ክምሩን መልሳ ገለበጠችው፤ ባትሪውን አበራች።

የመጀመሪያው ቢጫ። ቀጣዩም ቅቤ የመሰለ ቢጫ። ሦስተኛው ላይ ብርሃኑ ቀላ፤ የሸረሪት ድር የመሰሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ታዩ። መሐላቸው ያለችው ነጥብ ግን ቀጥ ብላለች።

"ገደልኩት" አለች። "ጌታዬ፣ ያንን ጸሎቴን እንዳትሰማው! ይፈልፈል፣ ይንከሰኝም!"

ነጥቧ ትር አለች። እንደገና ትር። ሉሬታ ጓሮ ያሉት ዶሮዎቿ ጣሪያ ላይ እስኪወጡ ድረስ ጮኸች። ከዚያ በሩን በርግዳ ወጣች።

ስልኩ ጠራ። "ገልብጬያቸው ነበር" አለች፣ ሰላምታም ሳታስቀድም።

ዴልማር የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ይመታል?"

"አንዱ ይመታል። ሌሎቹን ሳላይ ነው የወጣሁት።"

"እስኪፈለፈል ምን እንደሚሆን አይታወቅም፣ አክስቴ። ካሁን በኋላ እንዳትነኪያቸው ብቻ።"

ሉሬታ ፎጣውን ከበሩ ሥር አነሣች፤ አየር ያጥረው እንደሆነስ? ከዚያ ወንበር ጎትታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፣ ሁለቱንም እግሮቿን ወንበሩ ላይ ሰቅላ።