የታናሹ ድርሻ

አናጺው ሲጋራ ካቆመ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። በእነዚህ ቀናት ያኘከው እርሳስ ለአንድ ክፍል ተማሪ ይበቃ ነበር። ሱሱ ሲነሣበት እርሳሱን ይነክሳል፤ እርሳሱ ሲያልቅ የጣውላ ስንጣሪ ያኝካል፤ ስንጣሪው አልበቃ ሲለው ከደንበኛ ጋር ይጣላል። ምን ነካው ይላሉ ሰዎቹ። ምን ያውቃሉ እነሱ።

ያቆመው ለራሱ ብሎ አይደለም። ከእንጨት ሥራ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ታናሽ ወንድሙ ተኝቷል። አንዱ ሳንባው ተበላሽቶ ሰኞ ቀዶ ጥገና ይጠብቀዋል። ሐኪሙ እስከዚያ አንዲት ሲጋራ ከቀመሰ ቀዶ ጥገናውን አልሠራም ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ታናሹም በተራው ለወንድሙ ቁርጡን ነገረው፤ ብቻዬን አልችለውም፣ አንተ ካጨስክ እኔም አጨሳለሁ አለ። እውነቱን ነው። ሠላሳ ዓመት አንዷን ሲጋራ ለሁለት ሲያጨሱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ታላቁ ይለኩሳል፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ጫፏን ቆንጥጦ ያጠፋትና ግራ ጆሮው ላይ ይሰካታል፤ ታናሹ ድርሻውን ከዚያ ያነሣል። ቀኝ ጆሮው የእርሳስ ነው።

ጠዋት ጠዋት ታናሹ፣ “ወንድም ጋሼ፣ ስንተኛ ቀናችን ነው?” ይለዋል። ቁጥሩን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ታላቁ ያን ሁሉ እርሳስ የበላው ለዚያች ፈገግታ ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቁም ሣጥን ሊያይ የመጣ ደንበኛ የሲጋራ ፓኮውን ጠረጴዛው ላይ ረስቶ ሄደ። አናጺው ጨርቅ አለበሰው። በጨርቁ ላይ ጣውላ ጫነ። ትንሽ ቆይቶ ጣውላውን መልሶ አነሣው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! ከጣውላው ክምር ኋላ ገብቶ አንዷን ለኮሰ። የመጀመሪያው ጭስ ሲገባ እንባው መጣ። ወዲያው በራሱ አፍሮ የቀረውን ፓኮ የኮላ ባልዲ ውስጥ ነከረ፣ አፉን ተጉመጠመጠ፣ እጁን በሰጋቱራ ፈተገ። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሜትሩን ይዞ ወደ ወንድሙ ክፍል ገባ፤ ለአልጋው የተደላደለ ራስጌ ሊሠራለት ቃል ገብቶ ነበር።

አልጋውን ለካ። ልኬቱን ሊጽፍ እጁን ወደ ቀኝ ጆሮው ሰደደ። የታናሹ ዓይን ግን ግራው ላይ ነበር።

“ድርሻዬን አስቀምጠህልኛል” አለ።

ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ ባለቤቱን ሳያማክር ግማሿን ቦታዋ ላይ ሰክቷት ኖሯል። አናጺው ከጆሮው ላይ መንጭቆ ጨበጣት። ታናሹ የወንድሙን ሌላ እጅ ያዘና ጣቶቹን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ማሽተት ጀመረ፤ ልቀቀኝ ቢለው እንቢ አለ። በግድ አስለቅቆ ወጣ። ሲጋራዋን በመዳፉ ፈርፍሮ ከክምሩ ኋላ ሰጋቱራው ላይ በተናት። ልቡ ተሰብሮ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ስንተኛ ቀናችን ነው የሚል አልተሰማም። አልጋው ባዶ ነው። ታናሹ ከጣውላው ክምር ኋላ ተንበርክኮ፣ እያሳለ፣ ሰጋቱራውን በጣቱ ያበጥራል። ታላቁ ሊያነሣው ብብቱ ሥር እጁን አስገባ። ከወንድሙ ጣቶች የትምባሆ ሽታ መጣበት። እጁን ከብብቱ አወጣና እሱም ተንበረከከ።

“እዚህ ጋ አይደለም የበተንኳት” አለው፣ ወደ ግድግዳው እየጠቆመ።