የናናው እንፋሎት

ሱሉልታ ታክሲ ተራ ላይ ድምፄን የማያውቅ የለም። ተራ አስከባሪ ነኝ። ጠዋት ጠዋት የእንጦጦ ንፋስ ሰውን እየገፋ ሲያንገላታው፣ እኔ አስፋልቱ ዳር ቆሜ «አዲሱ ገበያ! አዲሱ ገበያ!» ስል፣ ከመስጊዱ ማዶ ያሉት ሳይቀሩ ቁርሳቸውን እያላመጡ ይሮጡ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን የጮህኩት ደግሞ ከአፌ ጥግ ሲጋራ ሳይለየኝ ነው። እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ፤ ሳጨስ እጮህ ነበር፣ ትቼ ድምፄ ጠፋ።

ባለቤቴ ዕድላዊት ሲጋራን የምትጠላው እንደ ጣውንት ነው። ከሽሮ ሜዳ ለቀን ሱሉልታ ገበሬው ኦቦ ጉታ ግቢ ስንከራይ እንኳ፣ «አየሩ ንጹሕ ነው፤ ምናልባት አየሩን አፍሮ ይተው ይሆናል» ብላ ነበር። እኔ ምን ያሳፍረኛል? ከቤት እያስወጣችኝ በአጥሩ ሥር ከከብቶቹ ጋር አጨስ ነበር። ተቆጣች፣ አኮረፈች፣ አለቀሰች። መላው ሲጠፋት ለማርያም ተሳለች። «ይሄን ነገር ካስጣልሽልኝ ወርቀ ዘቦ ጥላ አገባልሻለሁ» አለች። እኔም እንደማታገባው እርግጠኛ ስለነበርኩ ዝም አልኩ።

ነገሩን ያመጣው ሰልማን ነው። ሰልማን ተራችን ላይ የሚሠራ ሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም። ከመስኮቱ ነጭ ደመና እየለቀቀ ሲመጣ ሽታው ማንጎ፣ ማንጎ ይላል።

«ጋሼ መልኬ፣ ይሄ እኮ ጭስ የለውም። እንፋሎት ነው። በዚህ ነው ሰው የሚተወው» አለኝ።

ቬፕ ይሉታል። መሸጥ አይፈቀድም ሲባል እሰማለሁ፣ ሰልማን ግን የሚያመጣለት ሰው አለው። ሞከርኩት። መጀመሪያ ስስበው ጉሮሮዬን ቧጠጠኝ፣ ከዚያ ጭንቅላቴ ቀለል አለ። በዚያው ሳምንት ፓኬቱን ኩሬ ውስጥ ወረወርኩት። በሰው ፊት ነው የወረወርኩት፤ አጨበጨቡልኝ።

ማታ ቤት ስገባ ዕድላዊት ልብሴን አሸተተች፣ ፀጉሬን አሸተተች፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አሸተተች። ሲጋራ የለም። ቬፑን አውጥቼ አሳየኋት፤ አልደበቅኳትም። ስቤ ስለቀው ነጩ ነገር ጣሪያው ሥር ተንሳፍፎ ጠፋ። እሷ ደግሞ ለእንፋሎት ልቧ ይሸነፋል። በእኛ ቤት ጉንፋን ሲይዝ ከኦቦ ጉታ አጥር ባህር ዛፍ ይቆረጣል፣ ድስት ሙሉ ይፈላል፣ በሽተኛው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይታጠናል። በኮሮና ጊዜማ ግቢው በሙሉ ብርድ ልብስ ውስጥ ነበር።

«የባህር ዛፍ የለውም?» አለችኝ።

የባህር ዛፍ የለም፣ የናና ሽታ ያለው ግን ነበር። በማግስቱ ራሷ ሰልማንን ፈልጋ የናናውን አስመጣች። ናና ደረት ይከፍታል፣ ይህን የማያውቅ የለም።

ጥላው የገባው በማርያም በዓል ዕለት ነው። ካህኑ የዕድላዊትን ስም ጠርተው፣ ባለቤቷ ከሱስ ስለተላቀቀላት ስለቷን አመጣች ሲሉ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሰው ዞሮ አየኝ። እኔ ቬፑን ኪሴ ውስጥ በመዳፌ ይዤ ሳሌን ዋጥኩ። አዎ፣ ያኔ ሳሉ ጀምሮኝ ነበር። ዕድላዊት ግን እያለቀሰች ነበር፣ ከሠርጋችን ቀን ወዲህ እንደዚያ ፊቷ በርቶ አላየኋትም። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሰውነቴ ተራ በተራ ከዳኝ። መጀመሪያ አፌ ደረቀ፤ ውኃ ብጠጣ ብጠጣ ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቃል። ቀጥሎ ከንፈሬ ውስጥ ቁስል ወጣ። ከዚያ ጣዕም ጠፋ፤ ዕድላዊት የሠራችው ሽሮና የተቀቀለ ጭቃ አንድ ሆኑብኝ፤ ይህን ግን አልነገርኳትም፣ ሰው ቤቱን ይወዳል። ልቤ ደግሞ ተቀምጬ ሳለሁ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ትመታለች። ሲጋራ ሲያልቅ ቁራጩ ይጣላል፣ ይሄ ግን ማለቂያ የለው። በሰልፍ፣ በሽንት ቤት፣ በአልጋ፣ ዓይኔን ስገልጥ፣ ሁልጊዜ እስበዋለሁ። እንደ ሕፃን ጡጦ ሆነብኝ።

ሳሉ ሲብስ የጎረቤት ሁሉ ምክር ግን አንድ ነበር። የኦቦ ጉታ ባለቤት አዴ ኤቢሴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «ማል ታቴ፣ መልከጼዴቅ? ምን ሆንክ? የድሮው ጭስ እኮ ነው የሚወጣልህ። ይውጣ፣ ይውጣ!» ይሉኛል። ከዚያ ማጭዳቸውን አንስተው ባርጋሞ ይቆርጡልናል፤ ባህር ዛፉን እሳቸው እንደዚያ ነው የሚሉት። ዕድላዊት አፍልታ፣ ብርድ ልብሱን ከላዬ ጥላ፣ እጇን ከሥር ታስገባና ቬፑን ታቀብለኛለች። «ከሁለቱም ሳብ፤ የናናው ውስጥ ድረስ ይገባል።» በጨለማው ውስጥ ባህር ዛፍና ናና እየሳብኩ፣ እንባዬ እየወረደ፣ የምትወደኝ ሚስት እንዳለችኝ አስብ ነበር።

አንድ ጠዋት ተራው ላይ «አዲሱ» ብዬ «ገበያ» የሚለው አልወጣ አለኝ። አየር የለም። ሰዉ ቆሞ ያየኛል፤ ሰልማን ከመኪናው ወርዶ በእኔ ፈንታ ጮኸ። ያን ቀን ፈራሁ። ማታ ቬፑን ቁም ሣጥን ላይ ወርውሬ ልተኛ ሞከርኩ። ላብ አጠመቀኝ፣ በማላውቀው ነገር ዕድላዊትን ሰደብኳት። እሷው ወንበር ላይ ወጥታ አወረደችልኝ። «መድኃኒት አቋርጠህ እኮ ነው» አለች።

ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ ደረቴን አዳምጦ፣ «ያጨሳሉ?» አለኝ።

«ትቷል!» አለች ዕድላዊት እኔን ቀድማ። «ስለት ተስዬ፣ ማርያም ሰምታኝ፣ ጥላ አግብቻለሁ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ሐኪሙ፣ ጻፈም። ሦስታችንም ደስ ብሎን ተያየን። አክታዬን ለቲቢ ምርመራ ላኩት፤ የለብህም አሉኝ። ለሳንባ ምች የሚሆን ክኒን ሰጡኝ። ዋጥኩት፣ አልተሻለኝም። ዝናቡ ሲበረታ ከአልጋ ወደ በር መሄድ አቃተኝ፣ ከንፈሬም ጠቆረ። ኦቦ ጉታና ሰልማን ደግፈው በሚኒባሱ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል አስገቡኝ። በዚያች ተራ ስንቱን ሰው ወደ አዲስ አበባ ጭኛለሁ፤ ራሴ ተጭኜ ስሄድ የጠራልኝ ሰው አልነበረም።

ኦክስጅን አደረጉልኝ። ዕድላዊት እግሬን እያሸች፣ ውዳሴዋን እየደገመች አጠገቤ ተቀመጠች። ከአልጋው ራስጌ ሶኬት ስላገኘች ቬፑንም ቻርጅ እንዲያደርግ ሰክታዋለች። ነርሷ ዞር ስትል ከአፍንጫዬ ላይ ጭንብሉን ከፍ ታደርግና፣ «ትንሽ ሳብ፣ ደረትህን ይክፈትልህ» ትለኛለች። እኔም እስባለሁ። አልፈልግም ማለት አይቻለኝም ነበር። የሚያሳምመኝ ይሄው እንዳይሆን እየተጠራጠርኩ፣ እየፈራሁ፣ እስባለሁ።

ወጣቷ ሐኪም ጠዋት ለጉብኝት ስትመጣ ቆም ብላ አሸተተች። «ማስቲካ የያዘ አለ?»

ዕድላዊት ፈገግ አለች። ከትራሱ ሥር አውጥታ በሁለት እጇ አቀረበችላት። «ይሄ ነው። የናና እንፋሎት። መድኃኒቱ ነው።»

«ማነው ያዘዘው?»

ዕድላዊት እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ሐኪሟ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ቆማ የምትናገረው ነገር እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚስቡት?»

ነገርናት። አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሳንባዬ ቆስሏል፣ ሌላ ምክንያት ፈልገው አጥተዋል፣ አሁን ግን ምክንያቱ ይሄ ነው ብላ እንደምታስብ ነገረችን። ቬፑ ውስጥ ያለው የድስት እንፋሎት አይደለም አለች፤ ኒኮቲን አለበት፣ ፈሳሽ ኬሚካል አለበት፣ ማጣፈጫ አለበት።

«ናናውስ?» አለች ዕድላዊት።

«ሽታው ነው። ናና የለበትም።»

«ናና እንኳ የለበትም?» አለች ባለቤቴ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ እጇን ከእግሬ ላይ አነሳች፣ እንደ ጋለ ነገር። «እኔ ነኝ እኮ ስሰጠው የነበርኩት።»

«ወደ ሲጋራዬ ብመለስስ?» አልኩ በጭንብሉ ውስጥ።

«ሁለቱንም ነው የሚተዉት።»

«ታዲያ ምን ልሳብ?»

«አየር» አለች ሐኪሟ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ከልቧ ነው።

ቬፑን ይዛው ሄደች። ሆስፒታሉ የሰጠኝ መድኃኒት እያደር ትንፋሼን መለሰልኝ፤ ሁሉንም አይደለም፣ የቀረውን ያህል። ለሱሱ የሚሆን መድኃኒት ግን እኛ ጋ አይገኝም፣ ውጭ ፈልጉ አሉን። ፈለግን፣ አጣን። ከሆስፒታል ወጥቼ ቤት ስገባ ሰውነቴ እንደ ተረገመ ሰው ይሆናል። ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ቅንድቤ ሳይቀር ያልበኛል። ዕድላዊት ያቀረበችልኝን ሳህን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት፤ ወጡ ሲንጠባጠብ ጠረገችው። ከዚያ እኔ፣ ያ ሁሉ ሹፌር የሚፈራኝ ሰውዬ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አንድም ነገር አልለመንኳትም። እንዳልለምናት ጨርቄን ነክሼ ነበር።

እሷ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ማርያም ጋ ሄደች አልኩ፤ ሌላ የት ትሄዳለች? ቆርቆሮው ላይ በረዶ መውረድ ሲጀምር ራሷን እየሸፈነች ተመለሰች። በሩን ዘጋች። የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች ሁልጊዜ፤ ከቤተ ክርስቲያን የምታመጣው እምነትም እዚያ ነው፣ ሳንቲምም እዚያ ነው። ቋጠሮውን ስትፈታ አንዲት ሲጋራና ክብሪት ወጡ።

«ከየት?» አልኳት።

«ከመኪያ ሱቅ። ለማን ነው አላለችኝም፤ አንገቷን ደፋች።»

እጄ ክብሪቱን መያዝ አልቻለም፣ እንጨቶቹ ተበተኑ። ዕድላዊት ለቀመቻቸው። ሲጋራውን ራሷ አፏ ውስጥ ከተተችው፣ በተገላቢጦሽ፤ አዙሬ አስያዝኳት። «ማርያም ይቅር በይኝ» አለችና ለኮሰችው። ከሰል እንደምታያይዝ ሰው ደረቷን ሞልታ ሳበች፤ ወዲያው ሳል አጣጥፎ ጣላት። በዚያው አቀበለችኝ። ስቤ ጉሮሮዬን ሳያልፍ ደረቴ ግጥም አለ። እንደገና ሞከርኩ፤ አልገባ አለ። ያን ያህል የተመኘሁት ነገር በአፌ ነው፣ የምስብበት ሳንባ ግን የለኝም።

መልሳ ተቀበለችኝ። አትጥለው፣ አታጠፋው ነገር፣ በሁለት ጣቷ ይዛው ትስላለች። እኔም እስላለሁ። ቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ በሲጋራ ጭስ ተሞላ፣ ያመጣችውም እሷ ነች። እንባዋ ከሳሉ ይሁን ከሌላ አላውቅም፤ መጠየቅም ፈራሁ።

በረዶው ቀለል ሲል ከአጥሩ በኩል የአዴ ኤቢሴ ድምፅ መጣ።

«ዕድላዊት! ማል ታቴ? አንቺንም ያዘሽ እንዴ? ባርጋሞ ልቁረጥላችሁ?»

ዕድላዊት እኔን አየችኝ። ሳሏ እስኪያልፍላት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ይቁረጡልን፣ አዴ» አለች።

ማጭዱ እርጥቡን ቅርንጫፍ ሲመታ ሁለታችንም ሰማን።