ተኝቼም አቃጥላለሁ

ልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድሟን ማየት አስጠልቷታል። ከጉበቱ ቆርጦ የሚሰጣት እሱ ነው፤ ካልሰጣት ሞቷ ነው፤ ሌላ የሚስማማት ሰው አልተገኘም። ጉበቱ ግን ስብ ሞልቶታልና ቀዶ ሐኪሙ "ይህ ሳይቀንስ አልነካውም" ብሎ መልሶታል።

"እትዬ፣ ምን ላድርግ? ሰውነቴ አያቃጥልም። ከአባታችን የወረስኩት ነው" ይላል ታክሲ ነጂው፣ ጣቱን እየላሰ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ እንደተጎለተ ይውላል፤ ጎረቤት ሱቅ እንኳ የሚሄደው በመኪና ነው።

ዛሬ ይለካ ተብሎ አብራው መጣች። በባዶ ሆዱ አልጋ ላይ አጋድመው ፊቱን በላስቲክ ቆብ ከደኑት፤ ሰውነቱ በእረፍት ላይ ምን ያህል እንደሚያቃጥል ከትንፋሹ ይታወቃል። ቆቡ ውስጥ አላበው። ሸሚዙ ወደ ላይ ተሰብስቦ ሆዱ ተዘረገፈ። ቆቡ ሲነሳ ከወጣው ሽታ ፊቷን አዞረች። የዚህ ሰው ሥጋ እኔ ውስጥ ሊገባ ነው ብላ አሰበች።

ነርሷ ውጤቱን አየች። "ሰውነትዎ ደህና ያቃጥላል። እንዲያውም ግዙፍ ስለሆኑ ከብዙ ሰው ይበልጣል። ግን እሱ ለልብዎ፣ ለአንጎልዎ፣ ለትንፋሽዎ የሚሄድ ነው። የጉበትዎን ስብ የሚቀንሰው ምግብ መመጠንና መንቀሳቀስ ነው። በእግርዎ ይሂዱ።"

እሱ የሰማው የፊተኛውን ብቻ ነው።

"ሰማሽ እትዬ? ለካ ተኝቼም አቃጥላለሁ" አለ ፊቱ በርቶ። መኪናው ጋ ሳይደርሱ የተጠበሰ ድንች በወረቀት አስጠቀለለ። ዘይቱ በአገጩ ወረደ። "ቅመሺ፣ ደስ ብሎኝ ነው።"

"ቁልፉን አምጣ" አለችው።

በቅባት የተለወሰውን ቁልፍ በሁለት ጣቷ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና መንገድ ጀመረች። ዓይኗ ቢጫ ነው፣ እግሯ አብጧል፣ ቤታቸው ሩቅ ነው።

"እትዬ፣ አንቺ እኮ በሽተኛ ነሽ። መንገድ ላይ ትሞቻለሽ።"

"የት የምሞት መስሎህ ነበር?"

ወረቀቱን ጣለና ተከተላት። ያ የዘይት ትንፋሹ ከጀርባዋ ሲያለከልክ ይሰማታል፤ ያቅለሸልሻታል። ድምፁ ሲርቅባት ግን እየቆመች ትጠብቀዋለች።